በሽታ የሚሻገርበት መንገድ

አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ኑሮው የተመቸ ነው። ምግብ አይጠፋበትም፣ ሙቀቱ አይለዋወጥበትም፣ ዝናብ አይመታውም። ግን አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ያደረበት ሰው አንድ ቀን ይሞታል፤ ያኔ ትሉም አብሮ ያልቃል። ዘሩ እንዲቀጥል እንቁላሉ ወደ ሌላ ሰው መሻገር አለበት። እግር የለው፣ ክንፍ የለው። ውጭ ደግሞ ፀሐይና ብርድ አለ። እንዴት ይሻገር?

የተላላፊ በሽታ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ትል ይሁን፣ ባክቴሪያ ይሁን፣ ቫይረስ ይሁን፣ በሌላው ላይ ተጠግቶ የሚኖር ሁሉ መሻገሪያ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱም የራሱ መንገድ አለው። በወንዝ የሚሄደው በትንፋሽ አይሄድም። በቅማል የሚሄደው በምግብ አይሄድም። ያ መንገድ ከተዘጋበት ብዙዎቹ ሌላ መላ የላቸውም፤ እዚያው ይቀራሉ።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። እኛ ዘንድ “ተላላፊ ነው” ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ሰውየውን መሸሽ ነው። መጠጫው ይለያል፣ መቀመጫው ይለያል፣ ልጆች እንዳይጠጉት ይነገራቸዋል። ወንዙ ውስጥ ግን እንደ ድሮው ይዋኛል። ሜዳ ላይም እንደ ድሮው ይወጣል። ጎጃም ውስጥ ሰውን ከሚያሰቃዩት በሽታዎች ብዙዎቹ ሰውን በመሸሽ አይቆሙም። የሚቆሙት መንገዳቸው ታውቆ ሲዘጋ ነው። መንገዱን ለማወቅ አራት ጥያቄ ይበቃል። ከገላ በየት ይወጣል? ውጭ በምን ይጓዛል? ስንት ጊዜ መቆየት ይችላል? ወደ ሌላው በየት ይገባል?

ጣና ዳር

ከቢልሃርዚያ ልጀምር። ከሁሉም የሚገርመኝ የሱ መንገድ ነው። ባሕር ዳር፣ ዘጌና ሌሎችም የጣና ዳር ቀበሌዎች በደንብ ያውቁታል። ልጆች ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሰገራቸው ደም ይቀላቅላል። ለዓመታት ሲቆይ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል። ስሙ የመጣው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ የዚህን ትል ዘመድ ያገኘው እሱ ነበር። እኛ ጋ ያለው የአንጀቱ ዓይነት ነው።

ትሎቹ የሚኖሩት በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ወንዱ ሴቷን አቅፎ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ። ሴቷ በቀን እስከ 300 እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሎቹ ገሚሶቹ የአንጀትን ግድግዳ በስተው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። የቀሩት መውጫ ያጡና ጉበትና የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅረው ይቀራሉ። ሕመሙን በዋናነት የሚያመጡት እነዚህ መውጫ ያጡት ናቸው።

አሁን መንገዱን ተከተሉ። የወጣው እንቁላል ደረቅ መሬት ላይ ከቀረ አለቀለት። ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ከገባም አለቀለት። ዝናብ ጠርጎት ወይም ሰው ውሃ ዳር ተጸዳድቶ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ይፈለፈላል። ከውስጡ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ዋናተኛ ነው። ቀንድ አውጣ ለማግኘት ያለው ጊዜ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ያገኘው ቀንድ አውጣ ሁሉም አይሆነውም። የሚስማማው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ሣርና ደንገል ላይ የሚለጠፈው ጠፍጣፋ ጥምዝምዝ ዓይነት ነው። ካገኘው ገብቶ ይባዛል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ከዚያ ቀንድ አውጣ ሌላ ዓይነት ዋናተኛ መውጣት ይጀምራል። ጭራው ሹካ የመሰለ ነው። በየቀኑም በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይወጣል።

የሚወጡት ቀን ነው፤ በተለይ ፀሐይ ከፍ ስትል። ለምን ሌሊት አይወጡም? ሰው ውሃ ውስጥ የሚገባው ቀን ስለሆነ ነው። በረጅም ዘመን ውስጥ ቀን የወጡት ሰው አገኙ፤ ሌሊት የወጡት ሳያገኙ ሞቱ። ዛሬ ያሉት የቀኞቹ ዘሮች ናቸው። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ልብሳቸውን ጥለው የሚገቡበት ሰዓት፣ እናቶች ልብስ ይዘው የሚወርዱበት ሰዓት፣ ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚያራግፍበት ሰዓት፣ ሁሉም ከዚያ ጋር ይገጥማል። ሰው እግሩን ሲነክር በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ዘልቀው ይገባሉ። ቁስል አያስፈልጋቸውም፤ ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። ቢልሃርዚያ የያዘው ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ አያስይዝም። አብረው ቢበሉ፣ አብረው ቢተኙ አይተላለፍም። መሃል ላይ ቀንድ አውጣ ከሌለ መንገዱ የተቆረጠ ነው። ያ ልጅ ውሃ ዳር ከተጸዳዳ ግን በማያውቀው ቀንድ አውጣ በኩል መንደሩን ሊያዳርስ ይችላል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የጎለመሱትን ትሎች ይገድላል። ገና ወደ ገላ የገቡትን ጨቅላዎች ግን እምብዛም አይነካቸውም። ልጁ መድኃኒቱን ውጦ በማግሥቱ ወደዚያው ውሃ ከገባ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። “መድኃኒቱ አልሠራም” የሚሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ይህን ነው። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም።

ሐይቁ ብቻውን አይደለም። መስኖ ባለበት ሁሉ ይህ ጥያቄ አለ። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት ያጠጣል። ለገበሬው በረከት ነው፤ በበጋ ስንዴና ድንች የሚያበቅል ውሃ ማን ይጠላል? ግን ሣር የበቀለበትና ውሃው የተኛበት ቦይ ለቀንድ አውጣም ለወባ ትንኝም የተመቸ ነው። ስለዚህ ቦይ መጥረግ የውሃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናም ጉዳይ ነው። የቦይ ጠረጋ ቀን ሲመጣ ይህን የሚያስታውስ ሰው በየቀበሌው ቢኖር ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ አክሊሉ ለማን ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ሲመለከት፣ ከማጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። እናቶቻችን ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆኖ ለብዙ ዓመታት አጠናው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያዩት ነገር ሌላ አይደለም፤ የመንገዱን መሃል ነው። ሰውየውን ማከም አንድ ነገር ነው፤ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ሌላ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ጭራቸው ሹካ የመሰለው ዋናተኞች ሰው ካላገኙ ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ይሞታሉ። የሐይቅ ውሃ በበርሜል ተቀድቶ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ከቆየ ገላ ለመታጠብ ይሆናል። ለመጠጥ ግን መፍላት አለበት፤ ውሃ ወለድ በሽታ ቢልሃርዚያ ብቻ አይደለምና።

ስፌት ውስጥ

ግርሻ የሚባለው ትኩሳት ከቢልሃርዚያ ፍጹም የተለየ መንገድ አለው። ትኩሳቱ በድንገት ይነሳል፣ ለቀናት ያቃጥላል፣ ይተዋል። “ተሻለኝ” ሲሉ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። የሚያመጣው ቦሬሊያ የተባለ ጥምዝ ባክቴሪያ ነው። የሚመላለሰው ባክቴሪያው ሽፋኑን ስለሚቀይር ነው። ሰውነታችን አንዱን መልክ ለይቶ ሲያጠፋ፣ መልኩን የቀየረው ተርፎ እንደገና ይባዛል።

የሚጓዘው በገላ ቅማል ነው። የገላ ቅማል ገላ ላይ አትኖርም፤ ልብስ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ በተለይ ስፌቱ ውስጥ። ለመብላት ብቻ ወደ ገላ ትወጣለች። የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ባክቴሪያው ወደ ሰውነቷ ይገባና እዚያው ይቀራል። በንክሻዋ አይወጣም። ታዲያ እንዴት ይሻገራል?

ሰው ራሱ ያሻግረዋል። ቅማሏ ስትነክስ ያሳክካል፤ ሰው ያክካል። ቅማሏ በጥፍር መሃል ትጨፈለቃለች። ያኔ ደሟ ይፈሳል። በዚያ ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። በጥፍር መግደል ቅማሏን ያስወግዳል፤ በሽታውን ግን ያስገባል። ቅማልን በጥፍር ወይም በጥርስ መጨፍለቅ ያደገብን ልማድ ስለሆነ ይህን መንገር ቀላል አይደለም። ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ቅማል በፍል ውሃ እንጂ በጥፍር አይገደልም።

ሌላም አለ። ቅማል በጣም የሞቀ ገላ አትወድም። ትኩሳት ሲነሳ ያንን ሰው ትታ አጠገቡ ወደተኛው ትሄዳለች። የሞተ ሰው ገላ ሲቀዘቅዝም እንደዚሁ። ሰውየው በጣም ሲታመም አስተላላፊዋ ተሸክማ ትወጣለች ማለት ነው። ለባክቴሪያው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

አሁን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን አስቡ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ጎንጅ ስማቸው ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ነው። ተማሪው በጠባብ ጎጆ ተደራርቦ ያድራል። ቅያሪ ልብስ የለውም። በክረምት ብርዱ ሲጠነክር ያለውን ሁሉ ደራርቦ ይተኛል፤ ልብስ ታጥቦ የሚደርቅበት ፀሐይም የለም። ቅማል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግርሻና ተስቦ እንዲህ ባለ መኖሪያ ሲነሱ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ንጽሕና አይወድም የሚባለውም ትክክል አይደለም። ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስና ሰፊ ማደሪያ ማጣት ነው መንገዱን የከፈተው። ለአብነት ተማሪ እህል የሚሰጡ ብዙ ደጎች አሉ። ልብስና ሳሙና ቢጨመርበት በሽታን ከምንጩ የሚቆርጥ ምጽዋት ይሆናል።

ቅማል ሰው ካላገኘች ሳምንት ገደማ እንኳ አትቆይም። ልብሱን በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ ወይም ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይጨርሳል። የታመመው ግን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ትኩሳቱና እንቅጥቅጡ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ባለሙያ አጠገብ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ በተገኘ ክኒን የሚሞከር ነገር አይደለም።

ከብቱ ከማን ያዘው?

ስለ ኮሶ ትል ረጅም ነገር አልልም፤ ጎጃሜ ያውቀዋል። ብዙዎች ግን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቁት። ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከብቱ ከየት እንደያዘው ግን አንጠይቅም።

ከብቱ የያዘው ከሰው ነው። የጎለመሰው የኮሶ ትል ከሰው አንጀት ሌላ መኖሪያ የለውም። እዚያ ሜትሮች ይረዝማል። ከጫፉ እየተቆረጡ የሚወጡት ቁርጥራጮች እያንዳንዳቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይይዛሉ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ሣሩ ላይ ይቀራሉ። በሬው ይግጠዋል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጡንቻው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ከረጢት ይሠራል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ትሉን ያሳድጋል። ጎጃም ውስጥ ሁሉም ሰው ለአንድ ዓመት ሽንት ቤት ብቻ ቢጠቀም፣ ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ጥጆች ሥጋ በጣም ንጹሕ ይሆን ነበር። የኮሶ አበባም ሆነ የዛሬው ክኒን ትሉን ከሰው ያስወጣል። መንገዱን የሚዘጋው ግን ሽንት ቤትና እሳት ነው፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ከረጢቱ አይተርፍም።

ሜዳ መውጣት ሌላም ያስከትላል። ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ እንቁላሉን መጣል የሚወደው ሜዳ ላይ ያለ የሰው ሰገራ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለው አይስማማውም። ከዚያ ተነስቶ ዓይናር ወዳለበት የሕፃን ዓይን ይሄዳል። እግሩ ላይ የያዘውን ባክቴሪያ ወደ ቀጣዩ ሕፃን ያደርሳል። ከዝንቡ ሌላ የእናት ነጠላ ጫፍና የጋራ ፎጣም ያደርሱታል። በተደጋጋሚ የተያዘ ዓይን ሽፋኑ ጠባሳ ያወጣል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይቧጭራል፤ በዚያው ብርሃን ይጠፋል። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሕፃን ፊት በየቀኑ ማጠብ ትንሽ ነገር ይመስላል። ዝንቡ የሚፈልገው ግን ያንን ያልታጠበ ፊት ነው።

ሙቀትና ትንኝ

ወባ ለምን ደብረ ማርቆስ ላይ ብዙም አይታይም፣ አባይ በረሃ ውስጥ ግን ይበረታል? “ቆላ ሞቃት ስለሆነ ትንኝ ይበዛል” የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ዋናው ነገር ያለው ትንኟ ሆድ ውስጥ ነው።

ትንኟ ከታመመ ሰው ደም ስትመጥ ወዲያው ሌላ ሰው ማስያዝ አትችልም። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ሆዷ ውስጥ አድጎና ተባዝቶ ምራቋ ጋ እስኪደርስ መጠበቅ አለባት። አየሩ 25 ዲግሪ ከሆነ ለከባዱ የወባ ዓይነት ወደ 12 ቀን ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ሲሆን 4 ሳምንት ይጠጋል። 16 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እድገቱ ይቆማል። የትንኟ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት አያልፉም። ደጋ ላይ ጥገኛው ሳይደርስ ትንኟ ትሞታለች። ቆላ ላይ ግን ቀድሞ ይደርሳል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። በዚያ አንድ ዳገት ላይ ነው ሒሳቡ የሚገለበጠው።

በጥቂት ዲግሪ የሚለዋወጥ ነገር ደግሞ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሙቀቱና ዝናቡ ከወትሮው ሲለይ፣ ወባ በኢትዮጵያ ወደ ወይና ደጋው ወጣ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያን ያህል የበረታው ሕዝቡ ወባን ስለማያውቀው ነበር፤ በየዓመቱ የሚያመው የቆላ ሰው ያለው ከፊል መከላከያ ደገኛው ጋ የለም። ዛሬም ከደጋ ተነስቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አንዱ ጭንቀቱ ይህ ነው። እዚያ ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታም አለ፤ እሱን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ሠራተኛው ሲመለስ ትኩሳት ካለበት ሐኪሙ መጀመሪያ የት ከርሞ እንደመጣ መስማት አለበት። ራሳችሁ ንገሩት፤ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ።

ወባ በትንኝ እንደሚጓዝ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ ቆይቶ አንድ ሒሳብ ሠርቷል። ወባን ለማጥፋት ትንኝን በሙሉ መግደል አያስፈልግም አለ። ቁጥራቸው ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በሽታው ራሱ ይከስማል። ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዛሬ ስለ ወረርሽኝ የምናስበው ሁሉ ግን በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

አንዱ ስንቱን?

የሮስ ሐሳብ በቀላሉ እንዲህ ነው። አንድ የታመመ ሰው በአማካይ ስንት ሰው ያስይዛል? ከአንድ በላይ ከሆነ በሽታው ይስፋፋል። ከአንድ በታች ከሆነ ይጠፋል። መከላከል ማለት ያንን ቁጥር ከአንድ በታች ማውረድ ነው። ዜሮ ማድረግ አይጠበቅብንም።

ኩፍኝ ከሚታወቁት ሁሉ ኃይለኛው ነው። ማንም ባልተከተበበት ቦታ አንድ ልጅ ከ12 እስከ 18 ልጆች ያስይዛል። በትንፋሽ ስለሚሄድና አየር ላይ ስለሚቆይ፣ ልጁ ከወጣ በኋላ እንኳ ክፍሉ ውስጥ የገባውን ይይዛል። ይህን ያህል የሚሮጥ በሽታ የሚቆመው ከ100 ልጆች 95 ያህሉ ሲከተቡ ነው። መንገድ ርቆት ያልተከተበ አንድ ጎጥ ለወረርሽኝ ይበቃል።

የእብድ ውሻ በሽታ ሌላ ነው። አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ ከሁለት ያነሰ ውሻ ነው የሚያስይዘው። ስለዚህ ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቫይረሱ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ውሻውን ተናካሽ ያደርገዋል፣ ምራቁም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። እባካችሁ “ውሻው የጎረቤት ነው፣ ምንም አይለውም” ብላችሁ አትቀመጡ።

ትሎች ጋ ስንመጣ ሒሳቡ መልኩን ይቀይራል። ቫይረስ ገላ ውስጥ ራሱን ያባዛል፤ አንድ ቢገባ ሚሊዮን ይሆናል። የአንጀት ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን እዚያው ሆድ ውስጥ አይፈለፈልም። አፈር ላይ ሳምንታት ቆይቶ መብሰል አለበት። ስለዚህ ሆዳችሁ ውስጥ ሃያ ወስፋት ካለ፣ ሃያ ጊዜ በአፍ ገብቷል ማለት ነው፤ ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ ጎመን። ትሎቹም ሰው ሁሉ ላይ እኩል አይደሉም። ብዙ ጊዜ የአንድ መንደር ትል አብዛኛው ጥቂት ልጆች ሆድ ውስጥ ይሰበሰባል። ሌላው ጥቂት ይይዛል፤ ምንም የሌለበትም አለ። ብዙ የተሸከመው ልጅ ይቀጭጫል፣ ደም ያንሰዋል፣ ለመንደሩም እንቁላል ያከፋፍላል። ማን እንደሆነ በዓይን ስለማይለይ፣ ትምህርት ቤት መድኃኒት ሲመጣ ለሁሉም ይሰጣል። “ልጄ ጤነኛ ነው፣ ለምን ይውጣል?” ለሚል ወላጅ መልሱ ይህ ነው።

መንገድ የሌለው በሽታ

አንድ ቀረ። ዝሆኔ።

ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 3 ያህሉ እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ከበሽታው በላይ የሚያማቸው መገለሉ ነው። ልጃቸውን የሚያገባ ይጠፋል፤ ማኅበር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ይጠፋል። አራቱን ጥያቄ እዚህ ላይ አምጡትና ጠይቁ። ከገላ በየት ይወጣል? የሚወጣ ነገር የለም። በምን ይጓዛል? የሚጓዝ የለም። የደጋው ዝሆኔ ጀርም የለውም። ቆላ ውስጥ ትንኝ የምታመጣው ሌላ ዓይነት የእግር እብጠት አለ፤ የደጋው ግን ያ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት መንስኤው አፈሩ መሆኑን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ለዓመታት ተጠራቅሞ የእግርን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች ይዘጋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ሰውነታቸው በዘር በዚያ ማዕድን በቀላሉ ስለሚጎዳና ሁሉም በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ስለሚሄዱ ነው። ጫማ ያደረገ ልጅ፣ ወላጁ ዝሆኔ ቢኖርበትም፣ ሊተርፍ ይችላል።

የዝሆኔ ታማሚን ቢጨብጡት፣ አብረውት ቢበሉ፣ ጫማውን ቢያደርጉ አይተላለፍም። አልጋውን ቢጋሩም አይተላለፍም። የሚያስፈልገው ሕክምና ቤት ውስጥ የሚደረግ ነው። እግሩን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህንን ፈትኖታል። እግራቸውን በዚህ መንገድ የተንከባከቡት ታማሚዎች፣ እያሳበጠና እያተኮሰ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ድንገተኛ ሕመም ካልተንከባከቡት ይልቅ ቀንሶላቸዋል።